ለተኛ ማሽን የሚሮጥ ውሃ

«ውሃው እኮ የትም አይሄድም፤ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመለሳል። ምኑ ነው የሚቆጠበው?» በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ በአንድ የኮንዶ ቦርድ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ፣ አለዚያም በአንዱ ሕንፃ ምድር ቤት ቁልፍ ይዞ የሠራ ሰው ይህን አባባል ሳይሰማ አልቀረም። የሚሉት ስለ ማሽን የማያውቁ ብቻ አይደሉም። የሕንፃቸውን እያንዳንዱን ቧንቧ በቃላቸው የሚያውቁ ቺፍ ኢንጂነሮችም ይሉታል፤ ጨረታ ይዘው የሚመጡ ኮንትራክተሮችም ይሉታል። ከመደጋገሙ የተነሣ እውነት መስሏል። አይደለም።

ነገሩ የሚመለከተው በውሃ ሉፕ የሚሠሩ የሂት ፓምፕ ሕንፃዎችን ነው። በየአፓርትመንቱ ቁም ሣጥን ወይም ኮርኒስ ውስጥ የራሱ ኮምፕረሰር ያለው ማሽን ይቀመጣል፤ ሁሉም በአንድ የቧንቧ ዙር ይያያዛሉ። በሙቀቱ ወራት ማሽኖቹ ከክፍል ያወጡትን ሙቀት ለውሃው ያስረክባሉ፤ ጣሪያ ላይ ያለው ኩሊንግ ታወር ከውሃው ተቀብሎ ለአየር ይሰጣል። በብርዱ ወራት ከውሃው ሙቀት ይወስዳሉ፤ ቦይለሩ ይተካል። ውሃው በተለምዶ ከ15 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ከቆየ ሁሉም ሰላም ነው። በጸደይና በመኸር ደግሞ የፀሐይ ወገን ያለው ቤት የጣለውን ሙቀት የጥላው ወገን ያነሣዋል፤ ቦይለሩም ታወሩም ያርፋሉ። ግሩም ሥርዓት ነው። እኔም ጠቤ ከሥርዓቱ ጋር አይደለም።

ጠቤ ውሃውን ከሚገፋው ፓምፕ አሠራር ጋር ነው። በብዙ ሕንፃ ይህ ፓምፕ ቀንና ሌሊት፣ ዓመቱን ሙሉ፣ በሙሉ ፍጥነት ይዞራል። ሁለት መቶ ማሽን ቢሠራም፣ አሥር ቢሠራም፣ የሚገፋው ለሁለት መቶው ነው። የተቀሩት መቶ ዘጠናዎቹ ኮምፕረሰራቸው ተኝቷል፤ ውሃው ግን በሆዳቸው እየሮጠ ያልፋል። ምናልባት አንድ ቁና ጤፍ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ድንጋዩን ሲያዞር የሚያድር ባለወፍጮ ብናገኝ ምን እንለዋለን?

የተቃራኒውን ወገን ክርክር ቆርጬ ማቅረብ አልፈልግም፤ ክብደት አለውና። እንዲህ ይላሉ፦ በሕንፃው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚበላው ኮምፕረሰር ነው፤ ፓምፑ ከእሱ አጠገብ ኢምንት ስለሆነ ገንዘብ ካለ የተሻለ ማሽን ይገዛበት። ሂት ፓምፕ የውሃ እጥረት አይችልም፤ ውሃ ሲያንሰው በማቀዝቀዝ ጊዜ የጋዙ ግፊት ከልክ አልፎ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል፣ በማሞቅ ጊዜ ደግሞ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሠርቶ ቱቦውን ሊያፈነዳ ይችላል፤ ስለዚህ ከጎደለ የተረፈ ይሻላል። በየማሽኑ ቫልቭ መግጠም ሁለት መቶ አዲስ የሚበላሽ ዕቃ መጨመር ነው። ሞክረው ያዩም አሉ፤ ቧንቧው ጮኸባቸው፣ ማሽኑ እየቆመ አስቸገራቸው፣ ቢሉ ግን አልቀነሰላቸውም። ይህ ከስንፍና የመጣ ክርክር አይደለም፤ እጁ የተቃጠለ ሰው ክርክር ነው። ስህተት መሆኑ ግን አልቀረም።

ከኢምንቱ እንጀምር። ሁለት መቶ አፓርትመንት ያለው፣ ለእያንዳንዱ ባለ ሁለት ቶን ማሽን የተገጠመለት ሕንፃ እናስብ። ለአንድ ቶን በደቂቃ 11 ሊትር ገደማ፣ በአሜሪካ አለካክ 3 ጋሎን፣ የተለመደ ልክ ነው፤ ጠቅላላው በሰከንድ ወደ 75 ሊትር ይመጣል። ፓምፑ ሊያሸንፈው የሚገባው የቧንቧና የማሽን ተቃውሞ 24 ሜትር የውሃ ከፍታ ነው እንበል። ፓምፑ 75 በመቶ፣ ሞተሩ 93 በመቶ ብቃት ካላቸው ከመስመር የሚስበው ኃይል 25 ኪሎዋት ይሆናል። ዓመቱ 8,760 ሰዓት አለው። ሲባዛ 219,000 ኪሎዋት ሰዓት።

አሁን ኮምፕረሰሮቹን እንቁጠር። አንዱ ሲሠራ 1.8 ኪሎዋት ይስባል፣ የሚሠራውም የዓመቱን ሰዓት አንድ አምስተኛ ነው ብንል፣ ሁለት መቶዎቹ ተደምረው ወደ 630,000 ኪሎዋት ሰዓት ይበላሉ። ፓምፑ ብቻውን የሁለቱን ድምር ሩብ ወሰደ ማለት ነው። ሩብ ኢምንት ነው? ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ስለሆኑ አንባቢ በራሱ ሕንፃ ቁጥር ይተካቸው። የማይተካው 8,760 ነው። ኮምፕረሰር ክፍሉ ሲቀዘቅዝለት ያርፋል፤ ይህ ፓምፕ አያርፍም።

ታዲያ ለምን ኢምንት ይመስላል? ሂሳቡ ስለተደበቀ ነው። በአብዛኛው ኮንዶ የኮምፕረሰሩ ኤሌክትሪክ በነዋሪው ቆጣሪ ይቆጠራል፤ በየወሩ ቢሉ ቤቱ ይመጣለታል፤ ይናደድበታል። የፓምፑ ግን በጋራ ቆጣሪ አልፎ ከአሳንሰሩ፣ ከኮሪደር መብራቱና ከጋራዡ ጋር ተቀላቅሎ ኮንዶ ፊ ውስጥ ይገባል። ኮንዶ ፊ ሲጨምር ሰው ኢንሹራንሱን ያማል፣ ማኔጅመንቱን ያማል፤ ፓምፑን ሲያማ የሰማሁት የለም። የማሽኑ ማስታወቂያም አያግዝም። ሂት ፓምፕ የሚመዘንበት አይኤስኦ 13256-1 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ በብቃት ቁጥሩ ውስጥ የሚያስገባው ውሃውን በማሽኑ የራሱ ሙቀት መለዋወጫ ውስጥ ለመግፋት የሚያስፈልገውን ኃይል ብቻ ነው። በሃያ ፎቅ ቧንቧ ውስጥ ለመግፋት የሚወጣው በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም። «የተሻለ ማሽን ግዛ» የሚለው ምክር እንግዲህ ሩቡን ሂሳብ ሳይነካ የሚያልፍ ምክር ነው።

«ዞሮ ይመለሳል» የሚለውስ? ውሃው ይመለሳል፤ የገፋው ኤሌክትሪክ አይመለስም። ሞተሩ ላይ ከሚቀረው ጥቂት በስተቀር ያ ኃይል በሰበቃ ወደ ሙቀት ተለውጦ ሉፑ ውስጥ ይገባል። በሐምሌ ቀትር ነዋሪው ሁሉ ሙቀት እየጣለበት ባለ ውሃ ላይ ፓምፑም የራሱን ይጨምርበታል፤ ታወሩ ያንንም ማውጣት አለበት። ለአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ መክፈል ይሉሃል ይህ ነው። በጥር ያ ሙቀት ቦይለሩን በጥቂቱ እንደሚያግዝ አልክድም። ግን ውሃ ለማሞቅ ፓምፕ የሚያስገዛ ሰው የት አለ?

ቁጠባው የሚመጣው ሁሉም ከሚያውቀው፣ ጥቂቶች ብቻ ከሚያምኑበት ሕግ ነው። የፓምፕ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ፍሰቱ በግማሽ፣ ግፊቱ ወደ ሩብ፣ የሚፈልገው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በእውነተኛ ሕንፃ ሙሉውን አናገኘውም፤ በሩቅ ያለው ማሽን ሁልጊዜ የተወሰነ ግፊት ስለሚፈልግ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት የሞተሩም የፓምፑም ብቃት ስለሚወርድ ከስሌቱ ይሸረፋል። ቢሸረፍም ከላይ ባሰብነው ሕንፃ አማካይ ፍሰቱ ወደ 40 በመቶ ቢወርድ ፓምፑ በ25 ኪሎዋት ፈንታ በ7 ኪሎዋት ገደማ ሊያድር ይችላል። ልዩነቱ በዓመት ከ157,000 ኪሎዋት ሰዓት ይበልጣል። በኪሎዋት ሰዓት 15 ሳንቲም ቢታሰብ ከ23,000 ዶላር በላይ ነው። በየዓመቱ። ማንም ክፍሉ ሳይሞቅበት፣ ማንም ሳይበርደው።

ወደ ከባዱ ክርክር ልምጣ፦ ማሽኑ ውሃ ያጥረዋል የሚለው። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል። የሚሠራ ማሽን ውሃው ሊጎድልበት አይገባም፤ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። ግን ማን ከሚሠራው ቀንሱ አለ? የሚባለው ከተኛው ዝጉ ነው። ለእያንዳንዱ ማሽን ፍሰቱ ወይ ሙሉ ነው ወይ ዜሮ፤ ከፍ ዝቅ የሚለው የሕንፃው ጠቅላላ ፍሰት ነው። ቴርሞስታቱ ሲጠራ የቫልቩ ትንሽ ሞተር ይነሣል፤ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ጫፉ ላይ ያለች ማብሪያ ትዘጋና «አሁን ተነሣ» ብላ ለኮምፕረሰሩ ፈቃድ ትሰጣለች። ቫልቩ ካልተከፈተ ኮምፕረሰሩ አይነሣም፤ ስለዚህ ደረቅ ማሽን አይዞርም። በረዶ የሚሠራውም ያቺን ማብሪያ ለመቆጠብ ሽቦዋን ሳያያይዝ የሄደ ሰው በሠራው ማሽን ላይ ነው።

እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በአሥራ አራተኛው ፎቅ ጫፍ ያሉት እማማ «ማሽኔ አያቀዘቅዝም» ብለው በየዓመቱ በሙቀቱ ወራት የሚያማርሩት ለምን ይመስላችኋል? ውሃ እንደ ሰው ነው፤ ቅርቡንና ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። በታችኛው ፎቅ፣ ከፓምፑ አጠገብ ያሉት ማሽኖች ሥራ ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም ከድርሻቸው በላይ እየጠጡ ያልፋሉ፤ ጫፍ ላይ ያለው የቀረውን ይቀበላል። ቺፉ ታዲያ ምን ያደርጋል? ሁለተኛውን ፓምፕ ያስነሣል። ለእማማ አንድ ባልዲ ለማድረስ በመቶ ተኝተው ባሉ ማሽኖች ውስጥ ተጨማሪ ውሃ ያስሮጣል። የተኙትን ቢዘጋቸው ግን ውሃው የሚሄድበት ሌላ መንገድ ስለማይኖር ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር። «የተረፈ ይሻላል» የሚለው ፍልስፍና ትርፉን ለማያስፈልገው ሰጥቶ የሚያስፈልጋቸውን የሚያስጠማ ፍልስፍና ነው።

ውሃ ሲበዛ ኮምፕረሰሩ ይቀለዋል የሚሉም አሉ፤ ትክክል ናቸው፣ በጥቂት በመቶ። ከ2 ጋሎን በቶን ወደ 3 ሲወጣ ግን በዚያው ቧንቧ ውስጥ ግፊቱ ከሁለት እጥፍ በላይ፣ የፓምፑ ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ያድጋል። ኮምፕረሰሩ ተኝቶ ሳለ ደግሞ ያ ጥቂት በመቶ እንኳ የለም።

አሁን «ሞክረን አየነው» ወደሚሉት። እነዚህን ማዳመጥ ይገባል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ እውነታቸውን ነው። ችግሩ የሞከሩት የነገሩን ግማሽ መሆኑ ነው። አንዱ ሕንፃ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ሠራተኛው ድራይቭ የሚለውን፣ ከኤሌክትሪክ ኩባንያው የማበረታቻ ክፍያ አግኝቶ ይገዛል። በማሽኖቹ ላይ ግን ቫልቭ የለም። ሁሉም ክፍት ከሆኑ ድራይቩ በምን አውቆ ይቀንስ? የሚዘጋ የለም፤ ግፊቱ አይለወጥም፤ ስለዚህ በሙሉ ፍጥነቱ፣ በ60 ኸርዝ፣ ይቀመጥና ራሱ በሚያባክነው ጥቂት በመቶ ሂሳቡን ጭራሽ ያብሰዋል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ሌላው ሕንፃ በተቃራኒው ቫልቮቹን ገጥሞ ፓምፑን በድሮ ፍጥነቱ ይተወዋል። ሌሊት መቶ ሰባው ቫልቭ ሲዘጋ ፓምፑ ያንኑ ጉልበት በተረፉት ላይ ያሳርፋል፤ ግፊቱ ይወጣል፤ ቫልቮቹ ይጮኻሉ፤ ነዋሪው በሌሊት ስልክ ይደውላል። ጠዋት ቺፉ ቫልቮቹን በእጅ ከፍቶ ያስራቸዋል። ማን ይፈርድበታል?

ሦስተኛው ሕንፃ ሁለቱንም ገጥሟል፤ ግን የግፊት መለኪያውን እዚያው ፓምፑ አፍ ላይ ሰቅሎታል፣ ያውም ለሐምሌ ቀትር በተሠራው ከፍተኛ ግፊት ላይ ቆልፎ። ፓምፑ በጥቅምት ሌሊትም ያንን ግፊት ለመጠበቅ ይታገላል፤ ቁጠባው ወደ ጥቂት ይኮማተራል። መለኪያው መቀመጥ ያለበት በሩቁ ቧንቧ ጫፍ፣ በመጨረሻው ማሽን አጠገብ ነው፤ ልኩም ያ ማሽን ለሚፈልገው እንጂ ለዲዛይነሩ ፍርሃት መሆን የለበትም። በሦስቱም ሕንፃዎች የተወቀሰው ቫልቩና ድራይቩ ነው፤ ጥፋተኛው ግን ሥራውን ሳይፈትሽ ተፈራርሞ የተረከበው ሰው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ከባላንጣዎቼ አንድ ነገር ያለ ክርክር እቀበላለሁ። ሁሉም ቫልቭ በአንድ ሌሊት ቢዘጋ ፓምፑ ዝግ ቧንቧ ላይ እየገፋ ይሞቃል፤ ቦይለሩና ታወሩም የራሳቸው ዝቅተኛ ፍሰት አላቸው። ስለዚህ በቧንቧዎቹ ጫፍ ላይ ጥቂት ማሽኖች ያለ ቫልቭ ይቀራሉ ወይም ትንሽ ማለፊያ ይሠራል፤ ለፍጥነቱም ወለል ይበጅለታል። የቆመ ውሃ ዝቃጭ ያሳርፋል የሚሉም በቆሸሸ ሉፕ እውነት አላቸው፤ መድኃኒቱ የማጣሪያ ወንፊቱን ማጽዳት፣ የውሃውን ኬሚካል መከታተልና ቫልቮቹን በየጊዜው በተራ መክፈት ነው። በዚህ ሰበብ ፓምፑን 8,760 ሰዓት ማስሮጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ወጪውስ? ሁለት መቶ አፓርትመንት በአንድ ወቅት ገብቶ፣ ቧንቧ አፍስሶ ቫልቭ መግጠም ውድ ነው፤ ነዋሪውም በር አይከፍትም። ግን ማን በአንድ ወቅት አለ? ሂት ፓምፕ አርጅቶ ይቀየራል፤ ሲቀየር ተጣጣፊ ቱቦዎቹ ይፈታሉ፤ ቫልቩ የሚገባው እዚያ ነው። ቦርዱ በደንቡ ውስጥ «ቫልቭና የፍሰት ልክ መጠበቂያ የሌለው አዲስ ማሽን በዚህ ሕንፃ አይገጠምም» የምትል አንዲት መስመር ቢጨምር ሕንፃው በየዓመቱ ራሱን እያስተካከለ ይሄዳል፤ ከእያንዳንዱ ማሽን ጋር ፓምፑ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል። አንድ ቫልቭ ሳይገዛ ዛሬ የሚሠራም አለ። ወደ ማሽን ክፍሉ ውረዱና ከፓምፑ መውጫ ላይ ያለውን የመቆጣጠሪያ ቫልቭ እዩት። ግማሽ ተዘግቷል? እንግዲያው ፓምፑ ለሕንፃው ከልክ በላይ ትልቅ ነው ማለት ነው፤ ከፍላችሁ የፈጠራችሁትን ግፊት እዚያው ላይ እያነቃችሁት ነው። ቫልቩን ከፍቶ ፍጥነቱን መቀነስ ነው። 80 በመቶ ፍጥነት የሚበቃ ከሆነ የሚቀረው ኃይል በስሌት የቀድሞው ግማሽ ገደማ ነው።

ይህ አሠራር ሲጀመር ምክንያት ነበረው። የሉፕ ሂት ፓምፕ በአሜሪካ በ1960ዎቹ ሲስፋፋ ኤሌክትሪክ ርካሽ ነበር፤ የሞተርን ፍጥነት በርካሽ የሚቀይር ዕቃም አልነበረም። ፓምፑን አስነሥቶ መሄድ ያኔ ብልህነት ነበር። ዛሬ ምክንያቱ ሞቶ ልማዱ ቀርቷል። የአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር የሚያወጣው አሽሬ 90.1 ደረጃ፣ ለአዲስ ሕንፃ በእንዲህ ያለ ሉፕ ላይ ያለ እያንዳንዱ ሂት ፓምፕ ኮምፕረሰሩ ሲቆም ውሃውን የሚዘጋ ቫልቭ እንዲኖረው ያዛል፤ ከተወሰነ ጉልበት በላይ የሆነ ፓምፕም ፍሰቱ 50 በመቶ ሲሆን ከሙሉ ኃይሉ 30 በመቶ በላይ እንዳይስብ ይጠይቃል። ለአዲሱ ሕንፃ ሕግ የሆነ ነገር ለአሮጌው እንዴት «አይሠራም» ይሆናል? ፊዚክሱ በግንባታ ዓመተ ምሕረት ይለወጣል?

ዲሲ በ2018 ባወጣችው ሕግ መሠረት ትላልቅ ሕንፃዎች የኢነርጂ አፈጻጸም ደረጃ እንዲያሟሉ ታስገድዳለች፤ የመጀመሪያው ዙር በ2021 ጀምሯል። ሞንትጎመሪ ካውንቲም በ2022 የራሱን ሕግ አጽድቋል። እነዚህ ሕጎች የሚለኩት የሕንፃውን ጠቅላላ ፍጆታ ነው፤ ኮንዶ ፊ ውስጥ የተደበቀው ፓምፕ እዚያ አይደበቅም። ቦርዶች አሁን አማካሪ እየቀጠሩ ስለ መስኮት፣ ስለ ጣሪያ፣ ስለ ሶላር ሰሌዳ ይወያያሉ። መልካም ነው። ምድር ቤት ያለው ፓምፕ ግን ማንም ላልጠራው ውሃ መግፋቱን ቀጥሏል፤ ይህም ጥንቃቄ ተብሎ ይጠራል። ጥንቃቄ አይደለም፤ ብክነት ነው፤ የሚከፍሉትም ሳያውቁ የሚከፍሉ ሰዎች ናቸው።

በእንዲህ ያለ ሕንፃ ውስጥ ቤት ካላችሁ በሚቀጥለው የቦርድ ስብሰባ እጃችሁን አውጡና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በጥቅምት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሉፑ ፓምፕ በስንት ኸርዝ ይዞራል? መልሱ «60» ከሆነ፣ ወይም የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ የኮንዶ ፊ ጭማሪውን ከመፈረማችሁ በፊት የፓምፑን ዓመታዊ ፍጆታ በጽሑፍ ይቅረብልን በሉ።